መልስ፦ የራብሃ ልብስ ላይ ያለው አበባ ጥልፍ ነው?

ሰላም እህቴ። በራብሃ ሴቶች ልብስ ላይ ያለው አበባ ጥልፍ ነው ወይ፣ ለምንስ ማዕዘን ማዕዘን ይበዛበታል ብለሽ ነበር የጠየቅሽው። ጥልፍ አይደለም፤ እዚያው ሲሸመን የሚገባ ጥለት ነው።

ራብሃዎች በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ በአሳም፣ በሜጋላያና በምዕራብ ቤንጋል የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። እኛ ዘንድ ሸማኔው በአብዛኛው ወንድ ነው፤ እዚያ ግን ሽመናው የሴቶች እጅ ነው።

ሸማኔዋ ድሩን፣ ማለትም በቁመት የተወጠረውን፣ ክር በክር ትቆጥርና ባለቀለም ተጨማሪ ማግ፣ ማለትም አግድም የሚያልፍ ክር፣ ታስገባለች። ቀጥላ መደበኛውን ማግ ወርውራ ትመታዋለች፤ እንደገና ትቆጥራለች። ረድፉ በጥቂት ድር ወደ ጎን በሸሸ ቁጥር የአበባው ጠርዝ ክብ መሆኑ ይቀርና ደረጃ ደረጃ ይሠራል። የጥበብ ቀሚስሽን ጥለት ጠጋ ብለሽ እዪው፣ ያው ደረጃ አለ።

እኔን በጣም የሚማርከኝ ግን ኤሪ የሚባለው የአካባቢው ሐር ነው። ትሉ የሚመገበው የጉሎ ቅጠል ነው፣ አዎ የእኛው ጉሎ! ክሩም እንደ ሌላው ሐር ሳይቋረጥ አይመዘዝም፣ እንደ ጥጥ ይፈተላል። ስለዚህ ጨርቁ አያብለጨልጭም፤ ለስላሳና የሚያሞቅ ነው፤ ደማቅ ጥለት ሲያርፍበት ቀለሙ ጎልቶ ይወጣል።

ልትገዢ ካሰብሽ ጀርባውን ገልብጪና የማጉን አካሄድ ተመልከቺ፤ የታተመ ከሆነ ክሩ ላይ ቀለም እንጂ ተጨማሪ ማግ አታገኚም።