መልስ፦ የጥንት አዞዎች ሁሉ ግዙፍ አልነበሩም

«የጥንት የአዞ ዘመዶች ሁሉ ግዙፍ ነበሩ ወይ?» ላልከው፣ በፍጹም! አሎግናቶሱከስን ተመልከት። የአሊጌተር (አፈ ሰፊ የአዞ ዓይነት) ዘመድ ነው፤ ርዝመቱ 1.5 ሜትር ቢሆን ነው። ቅሪተ አካሉ በአሜሪካ፣ በተለይ ዋዮሚንግ ውስጥ፣ 50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ባለው አለት ውስጥ ተገኝቷል። ስሙን ያወጣለት የቅሪተ አካል ተመራማሪው ቻርልስ ሙክ ነው፣ በ1921 እ.ኤ.አ.።

እኔን ከመጠኑ ይልቅ ጥርሱ ነው የሚገርመኝ። የፊቶቹ ሹል ናቸው፣ ያዝ አድርገው የማይለቁ። የኋለኞቹ ግን አጠር ብለው እንደ ሽምብራ ድብልብል ያሉ ናቸው። እንዲህ ያለ ጥርስ ሥጋ አይቆርጥም፤ ጠንካራ ነገር ይሰብራል። ብዙ ተመራማሪዎች ቀንድ አውጣና ትናንሽ ኤሊዎችን ይበላ ነበር ይላሉ። በእርግጥ ዓሣና ነፍሳት ቢያገኝም የሚተው አይመስለኝም። አዞዎች ዕድሜ ልካቸውን ጥርስ ስለሚቀይሩ፣ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ለብቻው የወደቀ ጥርስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። የዚያ ዘመን አሊጌተሮች ቅሪት በካናዳ ኤልስሜር ደሴት፣ ከሰሜን ዋልታ ብዙም ሳይርቅ ተገኝቷል። አሊጌተር ደግሞ ረጅም ጊዜ የሚቆይ ከባድ ብርድ አይችልም። ዛሬ በረዶ የሸፈነው ያ አካባቢ ያኔ ሞቃትና ደን የለበሰ ነበር ማለት ነው።