የአሸዋ ዝንብ ለመሰብሰብ ለምትወጡ ልጆች

ልጆቼ፣ አንዳንዶቻችሁ ዘንድሮ ወደ መተማ፣ ሌሎቻችሁ ወደ አርባ ምንጭ አካባቢ የአሸዋ ዝንብ ልትሰበስቡ ነው። ደስ ብሎኛል። ይህን ሥራ ብሎ የሚመጣ ወጣት ብዙ አይደለም።

የአሸዋ ዝንብ ቁመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ድምፅ የላትም፤ ስታርፍ ክንፏን ወደ ላይ ቀስራ ነው። የውስጥ አካልን የሚጎዳውን ካላዛርንና ቆዳን የሚያቆስለውን ቁንጭርን የምታስተላልፈው ግን እሷ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2005 ሊቦ ከምከም ውስጥ ካላዛር ሲነሳ፣ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ መስሎ ነበር። በሽታን በሌላ ስም መጥራት ምን እንደሚያስከፍል ከዚያ እወቁ። የዝንቧም ስም እንደዚያው ነው። በመተማና በሁመራ ቆላ ያለችው ዝርያ፣ ፍሌቦቶመስ ኦሪየንታሊስ፣ የዋልካ አፈር ስንጥቅና የግራር ዛፍ ትወዳለች። በደቡብ ያለችው ማርቲኒ ከኩይሳ አትርቅም። ፔዲፈር ደግሞ ሽኮኮ ባለበት ዋሻና ገደል ትገኛለች። ዝርያዋን ከሳታችሁ መከላከያው የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው።

ወጥመዳችሁ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚበዛው ሰርጀንቶምያ የሚባለው ሌላ የአሸዋ ዝንብ ወገን ነው፤ እሱ በዋናነት እንሽላሊትና መሰሎቹን ነው የሚነክሰው። በዓይን አይታችሁ አትለዩ። ጭንቅላቷን ቆርጣችሁ፣ የታችኛውን ገጽ ወደ ላይ አዙራችሁ ስላይድ (የማይክሮስኮፕ መስታወት) ላይ አስቀምጡ። አፏ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ጥርሶች ያኔ ይታያሉ። ሴቷ ከሆነች የሆዷን ጫፍም ጨምሩ፤ የወንዱን ዘር የምታኖርበት ከረጢት ቅርጹ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ደረቷን ለብቻ ለዲኤንኤ (ለዘረመል) ምርመራ አስቀሩ። አካሏን ለስላይድ የሚያጠራው ፖታሽ የሚባለው ኬሚካል ዲኤንኤውን ያጠፋዋልና ሁሉንም አካሏን አትንከሩ።

በመቆንጠጫ አትንኳት። እግሯም አንቴናዋም ወዲያው ይወልቃል። በአልኮል የረጠበ ቀጭን ብሩሽ በቂ ነው። ለወጥመድ ዘይት ከተቀባ ወረቀት ላይ ያነሳችኋትን መጀመሪያ በአልኮል እጠቧት፣ አለዚያ ፀጉሯ ተጣብቆ ምንም አይታይም። ለመልክ ጥናት 70 በመቶ አልኮል ይሻላል። ለዲኤንኤ 95 እና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል፤ ግን ያን ያህል የጠነከረ አልኮል ውስጥ ትደርቅና በቀላሉ ትሰበራለች። ሁለቱን ለይታችሁ ያዙ። ብልቃጡን እስከ አፉ ሙሉት፤ አየር ከቀረ በመኪና ጉዞ ላይ እየተንቦጨቦጨ ይሰባብራታል።

እኔን ብትጠይቁኝ ከማይክሮስኮፑም የሚበልጠው ትንሿ ወረቀት ናት። ቦታውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የወጥመዱን ዓይነትና የሰብሳቢውን ስም ጻፉባት። በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ውስጥ ይሟሟል። ውጭ የሚለጠፈው ይላጣልና ወረቀቷ ብልቃጡ ውስጥ ትግባ። ማታ ደክሟችሁ «ነገ እጽፈዋለሁ» ትላላችሁ። እባካችሁ እዚያው ጻፉት። ከየት እንደመጣች የማትታወቅ ዝንብ፣ የቱንም ያህል ብታምር፣ ለሐኪሙም ለገበሬውም አትጠቅምም።

ዝርያዋን ካላወቃችሁ በግምት አትሰይሙ። «ፍሌቦቶመስ፣ ዝርያው ያልተለየ» ብሎ መጻፍ ነውር የለውም፤ እንዲያውም የሚቀጥለው ሰው እንደገና እንዲያያት መንገድ ይከፍትለታል። ስለዚህ ስላይዱንም የተረፈውንም አካል አትጣሉ፣ አንድ ቁጥር ስጧቸው። የብልቃጦቹንም አልኮል በየጊዜው እያያችሁ ሲጎድል ሙሉት።