ለ16 ዓመት ወንድምህ «የአውሮፓ ክለብ የእግር ኳስ ሙከራ» ብር ልክፈል ወይ ላልከው

አትክፈል። የፊፋ ደንብ ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ከአገር አገር እንዳይዛወር ይከለክላል። ጥቂት የተፈቀዱ ሁኔታዎች አሉ፤ ከሐዋሳ ለኳስ ብሎ ብቻውን ለሚሄድ ልጅ ግን በቀላሉ አይገኙም። «ዘንድሮ ይፈርማል» የሚልህን ሰው አትመን።

ደግሞ ጊዜው አላለፈበትም። ግብፃዊው ሞሐመድ ሳላህ ከካይሮው ክለብ አል ሞካውሎን ወደ ስዊዘርላንዱ ባዝል የሄደው በ2012 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ 20 ዓመት ሲሞላው። ቼልሲ ገብቶ መሰለፍ አቃተው። በፊዮረንቲናና በሮማ ዞሮ ሊቨርፑል የደረሰው በ2017 ነው። ያ ሁሉ መንገድ ከአገሩ ሊግ ነው የጀመረው። ወንድምህም እዚሁ ይሰለፍ፣ ጨዋታዎቹን በቪዲዮ ቅዱለት።

አሁን ሁለት ነገር አድርግ፦

1. ብር የጠየቀህ ሰውዬ የተጫዋች ወኪልነት ፈቃድ እንዳለው ለማየት የፊፋ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልግ።
2. ጠራው ወደተባለው ክለብ፣ ከክለቡ ድረ ገጽ ላይ ባገኘኸው አድራሻ ራስህ ጻፍ።

አንድ ነገር አደራ። የአክስቴንም ልጅ አጭበርባሪዎች እንዲህ ብለው አታለውት ነበር። ደብዳቤው የክለብ አርማ ነበረው። የላኪው ኢሜይል ግን ተራ ጂሜይል ነበር፤ ያየነው ብሩ ከተላከ በኋላ ነው። ፓስፖርቱንም ወስደውበት ስንት ወር ተንከራተተ። የወንድምህን ፓስፖርት ለማንም እንዳትሰጥ።