የልጆች ድንገተኛ ሕመም ያለ ኦፒዮይድ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ክንዱ የተሰበረ ልጅ ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ያለ ኦፒዮይድ፣ ማለትም ያለ ሞርፊንና መሰል ኃይለኛ ማስታገሻዎች፣ ሕመሙን ማስታገስ ይቻላል?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ቀዳሚው ሥራ ግን ክንዱን በስፕሊንት (በስብራት መደገፊያ) ደግፎ እንዳይነቃነቅ ማድረግ ነው፤ አጥንቱ በተነቃነቀ ቁጥር ለሚቀሰቀሰው ሕመም ማስታገሻ ብቻውን አይበቃም። ከዚያም አይቡፕሮፌን በአንድ ኪሎ ክብደት 10 ሚሊግራም፣ ፓራሲታሞል ደግሞ 15 ሚሊግራም ይሰላል፤ የሚሠሩበት መንገድ የተለያየ በመሆኑም አብረው ሊሰጡ ስለሚችሉ፣ 20 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 200 ሚሊግራም አይቡፕሮፌንና 300 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ይታዘዝለታል ማለት ነው። እንደ እኔ አስተያየት «መድኃኒቱ አልሠራለትም» የሚባለው ብዙውን ጊዜ መጠኑ በግምት ተቀንሶ ወይም ዘግይቶ ሲሰጥ ነው። በአፍ የተወሰደ ማስታገሻ ለመሥራት ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ስለሚፈልግ፣ ልጁ ገና ሲመዘን እዚያው ቢሰጠው ወረፋና ኤክስሬይ የሚጠብቅበት ጊዜ በከንቱ አያልፍም።

ጥያቄ፦ አይቡፕሮፌን የማይሰጠው ልጅ አለ?

መልስ፦ አለ። ከሦስት ወር በታች ለሆነ ሕፃን፣ በተቅማጥ ወይም በትውከት ፈሳሽ ላጠረው፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የደም መፍሰስ ላለበት፣ እንዲሁም የጉድፍ (ቺክንፖክስ) ውኃ ቋጣሪ ሽፍታ ለወጣበት ልጅ ፓራሲታሞል ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ኮዴይን ቀለል ያለ አማራጭ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፤ እርሱም ኦፒዮይድ ነው። ጉበት ወደ ሞርፊን የሚለውጠው ሲሆን፣ የለውጡ ፍጥነት በዘር ውርስ ስለሚለያይ አንዱን ልጅ ምንም ሳይጠቅመው ሌላውን ትንፋሹን ሊያቆመው ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ የተሰነጠቀ ግንባር ሲሰፋስ?

መልስ፦ ሊዶኬይን፣ ኤፒነፍሪንና ቴትራኬይን የተቀላቀሉበት ጄል ቁስሉ ላይ ተደርጎ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል። ዙሪያው ያለው ቆዳ ሲነጣ ማደንዘዣው እንደሠራ ይታወቃል፤ ሳይነጣ መርፌ ማንሣት ልጁን ለሚቀጥለው ሕክምና ሁሉ ማስፈራራት ነው። ልጁን አልጋ ላይ ጨቁኖ ከመያዝም እናቱ ወይም አባቱ ታቅፈውት ቢሰፋ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የሆድ ሕመም ሲሆን ማስታገሻ ምርመራውን አያሳስትም?

መልስ፦ አያሳስትም፤ ሕመሙ ጋብ ያለለት ልጅ እንዲያውም ሆዱን በደንብ ያስነካል።

ጥያቄ፦ ይህ ሁሉ ካልበቃስ?

መልስ፦ ለጭን አጥንት ስብራት በአልትራሳውንድ እየተመሩ ነርቩን ማደንዘዝ፣ ወይም ኬታሚን የተባለውን ማደንዘዣ በአፍንጫ በአንድ ኪሎ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊግራም መስጠት ይቻላል፤ ኬታሚኑ ሊያዞረውና ሊያስመልሰው ስለሚችል ክትትል ያስፈልገዋል። ይህም ካላስታገሰው ኦፒዮይድ በሐኪም ክትትል ይሰጠው፤ መድኃኒቱን ለመሸሽ ሲባል ልጅን ማሰቃየት ተገቢ አይደለም።