ውሻን በድንገት ሲያሳክከው፦ ጥያቄና መልስ ከእንስሳት ሐኪም ጋር

ሐኪሙ፦ ጥያቄ ስታቀርቡ የሚያሳክከው የሰውነቱ ክፍል የትኛው እንደሆነ፣ ከመቼ እንደጀመረውና እስካሁን ምን እንደቀባችሁት ጻፉልኝ። የተቃጠለ የሞተር ዘይት የቀባችሁት ካላችሁ ግን መልሴን ሳትጠብቁ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ውሰዱት።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ትናንት ማታ ደህና የነበረው ውሻዬ ዛሬ ጠዋት ዳሌው ላይ መዳፍ የሚያህል ቀይና እርጥብ ቁስል ወጥቶበታል። ሰው የፈላ ውሃ ደፍቶበት ይሆን?

መልስ፦ ጎረቤትዎን ከመጠርጠርዎ በፊት ቁንጫን ይጠርጥሩ። በአንድ ሌሊት እንዲህ የሚሰፋ እርጥብ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ውሻው ራሱ በመላስና በመንከስ የሚያመጣው ሲሆን፣ ለቁንጫ ምራቅ አለርጂ ያለበት ውሻ ደግሞ በጥቂት ንክሻ ብቻ ዳሌውንና የጅራቱን ሥር እስኪደማ ያካል። በዙሪያው ያለውን ፀጉር በጥንቃቄ ያሳጥሩ፤ ለብ ባለ የጨው ውሃ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት፤ እንዳይልሰውም ያድርጉ። ቅባት እርጥበቱን ስለሚያፍነው አይቀቡት። ከሰፋ ወይም በሁለት ቀን ካልደረቀ ሐኪም ይየው።

ዋናው ሥራ ግን መኝታው ላይ ነው። የቁንጫ እንቁላል ከውሻው ፀጉር እየረገፈ በማደሪያውና በምንጣፉ ውስጥ ይፈለፈላል፤ ሙሽሬውም (ገና ወደ ሙሉ ቁንጫ ያልተለወጠው) በሽፋኑ ውስጥ ለወራት ተደብቆ ሊቆይ ስለሚችል፣ ውሻውን ብቻ ያከመ ሰው ከወር በኋላ ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ይመለሳል። ጨርቁን በሙቅ ውሃ ይጠቡ፤ ማደሪያውን ደጋግመው ይጥረጉ። ድመት ካለችም አብራ ትታከም፤ ነገር ግን ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን ይገድላል።

ጥያቄ፦ ውሻዬን ያሳክከዋል፤ ምን ልስጠው?

መልስ፦ የት ነው የሚያሳክከው? ከላይ ጠይቄአለሁ።

ጥያቄ፦ የውሻችን የጆሮዋ ጠርዝና ክርኗ ተመልጧል፤ ልጄም ክንዱ ላይ ሽፍ ብሎበታል።

መልስ፦ እከክ ሳይሆን አይቀርም። ከቆዳዋ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ እከኩን የሚያመጣው ጥቃቅን ተባይ አልተገኘም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም። ልጁን ለሰው ሐኪም ያሳዩት።

አንድ አባል፦ አያቴ የተቃጠለ ዘይት ከድኝ ጋር ቀላቅለው ይቀቡ ነበር፤ ውሾቻቸው ሁሉ ድነዋል።

ሌላ አባል፦ የሞቱትን ማን ቆጠራቸው?

የመጀመሪያው አባል፦ አያቴን አያውቋቸውም።

መልስ፦ በድኙ እስማማለሁ፤ ከድኝ የተዘጋጀ የእከክ መድኃኒት እኛም እናዛለን። ዘይቱ ግን መርዝ ነው፤ ውሻ የተቀባውን ሁሉ ይልሳል።

ጥያቄ፦ ለከብት የገዛነው አይቨርሜክቲን የተባለ የተባይ መድኃኒት አለ፤ 1 ሚሊ ሊትር ብወጋውስ?

መልስ፦ አይውጉት። 1 በመቶ የሆነው መርፌ የተመጠነው 1 ሚሊ ሊትር ለ50 ኪሎ ከብት ስለሆነ፣ 10 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ የከብቱን መጠን አምስት እጥፍ ይሰጡታል ማለት ነው። እንደ ኮሊ ባሉ የእረኛ ውሾች ላይ ደግሞ በዘር በሚወረስ ጉድለት ምክንያት መድኃኒቱ ወደ አንጎል ዘልቆ ሊገድላቸው ይችላል። ለከብት መዥገር የሚረጨውን ዲያዚኖንም አትንኩ።

ጥያቄ፦ የቡችላዬ ፊት በድንገት አብጧል።

መልስ፦ ንብ ነድፎት ሊሆን ይችላል። ትንፋሽ ካጠረው ወይም ካስመለሰው መልስ አይጠብቁ፤ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ለሚያሳክክ ውሻ የሚቀባ ነገር ቢነግሩኝ?

መልስ፦ የት ነው የሚያሳክከው?

ጠያቂው፦ ጅራቱ ሥር።

መልስ፦ እንግዲያው የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ፤ ከመኝታው ይጀምሩ።