እግሬ ቁልቁለት ላይ ለምን ይከዳኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ34 ዓመት ሴት ነኝ፣ የምኖረው ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ነው። አምና ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ ስወርድ ቀኝ እግሬ ወለም አለኝ። ወጌሻ አሸኝ፣ እብጠቱም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ግን ድንጋዩ ትንሽ ካዘነበለ ቁርጭምጭሚቴ ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ዳገት ስወጣ ደህና ነኝ፣ ስወርድ ነው የሚብሰው። አጥንቴ ቦታውን ለቆ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ አጥንትዎ ቢወልቅ ኖሮ ዓመት ሙሉ በእግርዎ ባልሄዱ ነበር። እኔ የምጠረጥረው የላላ ጅማት ነው። ስወርድ ይብስብኛል ማለትዎም ጥርጣሬዬን ያጠናክረዋል።

ቁርጭምጭሚት አንድ ይምሰል እንጂ መገጣጠሚያው ሁለት ነው። በላይኛው፣ ሁለቱ የቅልጥም አጥንቶች ታለስ የሚባለውን አጥንት ግራና ቀኝ ይይዙታል። በእጅዎ የሚዳብሷቸው ጉብታዎች የእነዚህ አጥንቶች ጫፍ ናቸው። ይህ መገጣጠሚያ በዋናነት እግርን ወደ ላይ 20 ዲግሪ፣ ወደ ታች 50 ዲግሪ ገደማ ያንቀሳቅሳል። የታችኛው በታለስና በተረከዝ አጥንት መካከል ነው፤ ውስጥ እግርን ወደ ጎን ያዞራል። ወጣ ገባ ድንጋይ ላይ የምንራመደው በእሱ ነው።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ እንምጣ። ታለስ ከፊት ሰፊ፣ ከኋላ ጠባብ ነው። ዳገት ስንወጣ እግራችን ወደ ላይ ስለሚታጠፍ ሰፊው ክፍል በጉብታዎቹ መሃል እንደ ሽብልቅ ይጠብቃል። ቁልቁለት ወይም ደረጃ ስንወርድ ግን ጣታችን ወደ ታች እያመለከተ ነው መሬት የምንነካው። ያኔ መሃል የሚገባው ጠባቡ ክፍል ነው። አጥንት ከአጥንት ጋር ይላላል፣ ሸክሙም ጅማት ላይ ይወድቃል። የውጭው ጉብታ ከውስጠኛው ዝቅ ስለሚል፣ በውስጥ በኩል ያለው ጅማትም ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ፣ እግር በብዛት የሚታጠፈው ወደ ውስጥ ነው። በውጭ በኩል ካሉት ሦስት ጅማቶች አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው የፊተኛው ነው። ጣት ወደ ታች ሲያመለክት በጣም የሚወጠረውም እሱ ነው።

ጅማት ማሰሪያ ብቻ አይደለም። እግር ወዴት እንዳዘነበለ ለአንጎል የሚናገሩ ነርቮች አሉበት። ከተጎዳ በኋላ መልእክቱ ይዘገያል፣ እግርን ወደ ውጭ የሚስቡት ጡንቻዎችም ዘግይተው ይነሳሉ። ይህን ደግሞ መታሸት አይመልሰውም። ወጌሻን ማጣጣሌ አይደለም። ግን አዲስ ወለምታን በቅቤ አጥብቆ ማሸት እብጠቱን ያብሳል፣ ስብራት ካለ ደግሞ አደገኛ ነው።

መድኃኒቱ ልምምድ ነው። ግድግዳ አጠገብ በባዶ እግርዎ በቀኙ ብቻ 30 ሰከንድ ይቁሙ፣ ይረፉ፣ ይደጋግሙ። ሲቀልዎት ዓይንዎን ጨፍነው ይሞክሩ፣ እጅዎ ግን ከግድግዳው አይራቅ። ግድግዳ ይዘው ተረከዝዎን ማንሳትና ማውረድም ይጨምሩ። ከዚያ የሚለጠጥ ጎማ እግርዎ ላይ አድርገው እግርዎን ወደ ውጭ ይግፉ። በየቀኑ፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት። ብዙ ሰው ትንሽ ሲሻለው ይተወዋል፣ እባክዎ እርስዎ አይተዉት። እስከዚያው በነጠላ ጫማ ቁልቁለት አይውረዱ፤ ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ያድርጉ።

እንደገና ወለም ካለዎት በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለ15 ደቂቃ ያድርጉበት፣ በሚለጠጥ ፋሻ ይሰሩት፣ እግርዎን ከፍ ያድርጉ። አራት እርምጃ መራመድ ካቃተዎት፣ ወይም ከጉብታዎቹ ኋላ አጥንቱ ራሱ ሲነካ ካመመዎት፣ ወይም ከትንሿ ጣት ወደ ኋላ ባለው የእግር ጠርዝ መሃል ላይ ያለችው ጉብታ ካመመችዎት ከመታሸት በፊት ራጅ ይነሱ።

ልምምዱን አጥብቀው ይዘው በሦስት ወር ካልተሻለዎት የአጥንት ሐኪም ይዩ። ከውስጥ የሚሰማ ጥልቅ ሕመም ካለ፣ ወይም መገጣጠሚያው አልንቀሳቀስ ብሎ የሚቆለፍ ከሆነ ግን ሦስት ወር አይጠብቁ። የታለስ ልስልስ አጥንት ተጎድቶ ሊሆን ስለሚችል አሁኑኑ መታየት አለበት።