መልስ፦ ማንሻው ወርዶም መርፌው ሸክላውን አይነካም

መርፌውን አትቀይረው። የማንሻውን እጀታ አውርደኸው መርፌው አየር ላይ የሚንሳፈፈው መርፌውን የያዘውን ክንድ የሚያነሳው ድጋፍ ከልክ በላይ ከፍ ስላለ ነው። አለኝ ባልከው የሸክላ ማጫወቻ፣ ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 ላይ፣ ድጋፉ ራሱ ትንሽ የማስተካከያ ብሎን አለው።

1. ማጫወቻውን አጥፋ፣ የመርፌውን ክዳን ግጠም፣ ክንዱን ማረፊያው ላይ ቆልፍ።
2. ድጋፉን በጣትህ ወደ ታች ተጭነህ ያዝ። ሳትጫን ብሎኑን አታዙር።
3. ብሎኑን በሰዓት አቅጣጫ ሩብ ዙር ብቻ አዙር፤ ድጋፉ ዝቅ ይላል። በተቃራኒው ካዞርክ ከፍ ይላል።
4. ክዳኑን አውልቀህ ሸክላ ላይ ሞክር። እጀታው ሲነሳ ከመርፌው ጫፍ እስከ ሸክላው ከ8 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ይሁን።

እጀታው ሲወርድ ደግሞ በክንዱና በድጋፉ መካከል ብርሃን መታየት አለበት፤ ሸክላው ጠርዝም መሃልም ላይ እይ። በአዳማ ፀሐይ ትንሽ የተጣመመ ሸክላ ካለህ ይሄ ክፍተት ግድ ነው፣ አለዚያ ክንዱ ድጋፉን እየነካ ይዘላል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ክንዱ ቀስ ብሎ መውረዱን ትቶ ዱብ ካለ ችግሩ ብሎኑ አይደለም፣ ማንሻው ውስጥ ያለው፣ አወራረዱን የሚያዘገየው ወፍራም የሲሊኮን ቅባት አልቋል። የስፌት መኪና ዘይት እንዳትጨምርበት፤ ቀጭን ስለሆነ አወራረዱን አያዘገየውም።